ዓይን ጨፍኖ የሚገኝ ደስታ

«ደስታ ከውጭ አይመጣም፤ ያለው በውስጥህ ነው።» ይህን ዓረፍተ ነገር ያልሰማ የከተማ ሰው ዛሬ የለም ማለት ይቻላል። አሠልጣኙ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰብስቦ ይለዋል። የጠዋት ሬዲዮ ይለዋል። ቲክቶክ ለስላሳ ሙዚቃ ከሥሩ አድርጎ ይለዋል። መጽሐፍ አዟሪው ክንዱ ላይ ደርድሮ ከሚያዞራቸው መካከል ብዙዎቹ ከሽፋናቸው ጀምሮ ይሉታል። ምክሩ ሲዘረዘር ሁለት ነገር ሆኖ ይመጣል፦ በየማለዳው ጥቂት ደቂቃ ዓይንን ጨፍኖ ትንፋሽን ማዳመጥ፣ ከዚያ ደግሞ ክፉ ሐሳብን እያባረሩ በመልካሙ መተካት። ሜዲቴሽንና «ፖዘቲቭ» መሆን። ሁለቱን የያዘ ሰው ኪራይ ቢጨመርበት፣ አለቃው ቢያመናጭቀው፣ ቢታመም እንኳ ደስታው አይነካም። ይህንንም ሳይንስ አረጋግጦታል ይሉናል።

አላረጋገጠም። በዚያ ላይ ሁለቱ ነገሮች አብረው የሚሄዱ አይደሉም። ተመስጦ፣ ማለትም ሜዲቴሽን፣ በጥንት ባለቤቶቹ ዘንድ ያለውን ሁሉ፣ የሚያስፈራውንም ጭምር፣ ሳይሸሹ ማየት ነበር፤ አዎንታዊ አስተሳሰብ ደግሞ ገና ሳያዩ ምን እንደሚታይ መወሰን ነው። እነዚህን አጋብቶ «የደስታ ቁልፍ» እያለ የሚሸጥ ሰው አንዱንም አያውቀውም፤ ወይም ያውቃል፣ ሽያጩ ግን ይበልጥበታል።

በሳይንሱ ልጀምር፤ ሰውን አፍ የሚያስይዘው እሱ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2011 ቦስተን የሚገኙ ተመራማሪዎች ስምንት ሳምንት የሚፈጅ የሜዲቴሽን ኮርስ የወሰዱ 16 ሰዎችን አንጎል ከኮርሱ በፊትና በኋላ በኤምአርአይ አነሡ። ከትውስታ ጋር በተያያዘው የአንጎል ክፍልና በሌሎች ጥቂት ቦታዎች ላይ ለውጥ አየን አሉ። ዐሥራ ስድስት ሰው! አንድ ሚኒባስ ታክሲ ከነትርፉ የሚጭነው። ጋዜጦችና መጻሕፍት ግን «በስምንት ሳምንት አንጎልህን እንደ አዲስ ሥራ» እያሉ ዓመታት ኖሩበት። እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ የዊስኮንሲን ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ ያለ ቡድን ይህንኑ ኮርስ የፈተኑ፣ በድምሩ 218 ሰዎች የተሳተፉባቸውን ሁለት ጥናቶች አዋሕዶ ውጤቱን ይፋ አደረገ። ሰዎቹ ኮርሱን የወሰዱትና ያልወሰዱት በዕጣ ተመድበው ነው። በአንጎላቸው ቅርጽ ላይ ኮርሱ ያመጣው ለውጥ አልተገኘም። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ደግሞ ከዳላይ ላማ ጋር ለረጅም ዓመታት የሠራው፣ መነኮሳትን ወደ ላቦራቶሪ በማስገባት ስሙን የተከለው ሪቻርድ ዴቪድሰን ነው። ደክሞ ያቆመውን ነገር የሚያናጋ ውጤት ሳይደብቅ ያወጣ ሰው ሊከበር ይገባዋል። በአዳራሾቻችን ግን ይህ ጥናት ሲጠቀስ ሰምቼ አላውቅም።

ስሜትን በተመለከተስ? የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2014 የተሻለ ጥራት ያላቸውን 47 ጥናቶች፣ 3,515 ተሳታፊዎች ያሉባቸውን፣ ሰብስበው መዘኑ። ሜዲቴሽን ጭንቀትን፣ ድባቴንና የሰውነት ሕመምን በመጠኑ እንደሚያስታግስ አገኙ። ይህን ማንም ሊክደው አይገባም፤ እኔም አልክደውም። ግን እዚያው ገጽ ላይ ሌላ ነገር ተጽፏል፤ ለበጎ ስሜት፣ ማለትም ደስታ ለምንለው ነገር፣ ሜዲቴሽን ለውጥ ማምጣቱን የሚያሳይ በቂ ማስረጃ አላገኙም። ለእንቅልፍም፣ ለትኩረትም፣ ለውፍረት ቅነሳም እንደዚሁ። ከመድኃኒት ወይም ከአካል እንቅስቃሴ ይበልጣል የሚያሰኝ ማስረጃም አልነበረም። እንግዲህ በደንብ እንስማው፦ በየማለዳው ከጎረቤት ጋር ሶምሶማ የሚወጣ ሰው፣ ትራስ ላይ እግሩን አጣጥፎ ከሚቀመጠው አያንስም። ሶምሶማን ግን «የሕይወት ምሥጢር» ብሎ የሚሸጥ የለም፤ ለምን ተብሎ ይገዛል?

ሌላም አለ። በእንግሊዝ አገር ትምህርት ቤቶች የተማሪዎችን መንፈስ ያረጋጋል ተብሎ የታመነበት የሜዲቴሽን ትምህርት ከ80 በላይ በሆኑ ትምህርት ቤቶች፣ ከ8,000 በላይ በሆኑ ልጆች ላይ ተፈተነ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ውጤት፣ ትምህርቱን የተማሩት ልጆች በተለመደው መንገድ ከተማሩት በምንም እንዳልተሻሉ አሳየ። አብዛኞቹ ልጆች ቤታቸው ገብተው አይለማመዱም ነበር። ልጅ ልጅ ነው።

እዚህ ላይ ማቲዩ ሪካርን የሚያነሣብኝ አይጠፋም። ፈረንሳዊ ነው፤ ፓሪስ በሚገኘው የፓስተር ተቋም በሥነ ሕይወት ዶክትሬቱን ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1972 ወደ ሂማላያ ሄደ፤ ኋላም መነኮሰ። አንጎሉን ዴቪድሰን መርምሮታል፤ ከዚያ በኋላ ጋዜጦች «የዓለማችን ደስተኛው ሰው» የሚል ማዕረግ ሰጡት። እሱ ራሱ ይህን ማዕረግ ደጋግሞ አልቀበልም ብሏል፤ የሚሰማው ግን የለም። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ይህ ሰው ለብዙ ዓመታት በገዳም ኖሯል። አብሮት የሚበላ፣ አብሮት የሚጸልይ፣ ሲታመም የሚያስታምመው ማኅበር አለው። የወር ኪራይ የለበትም፤ ልጅ አያስተምርም፤ «ነገ እንዳትመጣ» የሚለው አለቃ የለውም። ሰላሙ ከትንፋሹ ይምጣ ከዚህ ሁሉ፣ በኤምአርአይ አይለይም። አሠልጣኞቻችን ግን ትንፋሹን ብቻ ነጥለው ወስደው፣ ገዳሙን እዚያው ጥለውታል።

ትንፋሹን ሲወስዱም ከነምንጩ አልወሰዱትም። በጥንቱ የቡድሃ ትምህርት ውስጥ ስለ አእምሮ ንቃት የሚናገረው ዋናው ጽሑፍ መነኩሴውን ከትንፋሹ አስጀምሮ የት እንደሚያደርሰው ብዙ ሰው አልተነገረውም። መቃብር ቦታ ያደርሰዋል። የተጣለ ሬሳ ያይ ዘንድ ታዝዟል፤ መጀመሪያ ያበጠና የጠቆረ፣ ከዚያ አሞራና ውሻ የሚበሉት፣ ከዚያ አጥንት፣ በመጨረሻም አፈር። እያየም የእኔም አካል ይኸው ነው ይላል። በስልክ ላይ የሚጫነው የሜዲቴሽን አፕ ይህን ክፍል ለምን እንዳላስገባው መገመት አያስቸግርም።

የእኛም ቤት ከዚህ የራቀ አይደለም። በ4ኛው መቶ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረው ኢቫግሪዮስ፣ በዝምታ የተቀመጠ ሰው ላይ ምን እንደሚመጣበት ሲጽፍ ደስታን አላስቀደመም። የቀትሩን ጋኔን ነው የጻፈው። መነኩሴው ከበዓቱ ብቅ እያለ ፀሐይዋን ያያል፤ አልሄድ ትለዋለች፤ ቀኑ 50 ሰዓት ያለው ይመስለዋል፤ ወንድሞቹን ይጠላል፣ ቦታውን ይጠላል፣ ሥራውን ይጠላል። የእኛ ሊቃውንት ከነአንድምታው ሲያስተምሩት የኖሩት መጽሐፈ መነኮሳትም አንባቢውን ወደ ፈገግታ አይጠራም። በውስጡ ያለው ማር ይስሐቅ በተለይ እንባን እንደ ትልቅ ጸጋ ይቆጥረዋል፤ ያላለቀሰ ገና አልደረሰም። እነዚህ ሰዎች ዕድሜያቸውን በተመስጦ የጨረሱ ናቸው። ዛሬ የሁለት ቀን ሥልጠና ወስዶ የመጣው ሰው የሚነግረን ከእነሱ ቃል ጋር ሲጋጭ፣ ማንን እንመን?

የሚያስፈራው ነገር የጥንት ብቻ ሆኖም አልቀረም። በአሜሪካ የብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 60 የሚሆኑ ምዕራባውያን ተመሳጮችን በጥልቀት አነጋግረው እ.ኤ.አ. በ2017 የጻፉት ጥናት አለ። ከገጠማቸው ውስጥ ድንጋጤ፣ ጭንቀት፣ «እኔ» የሚሉት ነገር የጠፋ መምሰል፣ የስሜት መደንዘዝ ይገኝበታል። ጥናቱ ሜዲቴሽን የሚያደርግ ሁሉ ይህ ይደርስበታል አላለም፤ እንዲህ ያለውን ሆን ብሎ የፈለገ ጥናት ነው። ግን አንድ ነገር ጠንካራ ከሆነ፣ ለመልካም ብቻ ጠንካራ ሊሆን አይችልም። በገዳም ለዚህ ጊዜ የሚሆን አበ ነፍስ አለ። በአፕ ላይ ያለው «ቀጣይ» የሚል ቁልፍ ነው።

ሜዲቴሽንን ወደ ሆስፒታል ያስገባው ጆን ካባት ዚን ግን ከዚህ ወቀሳ ነፃ ነው፤ ቢያንስ በጅማሬው። እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ክሊኒኩን ሲከፍት የተቀበለው ሐኪም የሰለቻቸውን፣ ሕመማቸው አልለቅ ያላቸውን ሰዎች ነበር። ሕመሙ ይጠፋል አላላቸውም፤ ከሕመሙ ጋር መኖር ይቻል እንደሆነ እንሞክር አላቸው። ልክ ያለው፣ ክብር ያለው ሥራ ነው። ነገሩ የተበላሸው ኋላ ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ ድርጅት ሲገባ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 አማዞን ለመጋዘን ሠራተኞቹ ያዘጋጀውን አንድ ነገር በኩራት አስተዋወቀ፦ ሠራተኛው ገብቶ በሩን ዘግቶ፣ ስክሪን ላይ የሚያረጋጋ ቪዲዮ እያየ ሜዲቴሽን የሚያደርግበት፣ ቁም ሣጥን የምታህል ክፍል። ስለ ሥራው ፍጥነትና ስለ ሠራተኞቹ ጉዳት ዓመታት ሙሉ ወቀሳ ሲወርድበት የኖረ ድርጅት ነው። ሕዝቡ ሳቀበት፤ ማስታወቂያው ከትዊተር ላይ ተነሣ። እኔ ግን ሊነሣ አይገባውም ነበር እላለሁ፤ ከዚህ ክርክር ሁሉ በላይ የሚያስረዳ ምስል ነበር። ፍጥነቱ እንዳለ ይቆያል፤ ሠራተኛው ሣጥን ውስጥ ገብቶ ራሱን አስተካክሎ ይመለሳል።

አሁን ወደ ሌላው፣ ወደ «ፖዘቲቭ አስብ» እንሂድ። ይህ ከሂማላያ አልመጣም፤ ከአሜሪካ ነው የመጣው፣ ያውም ከሜን ግዛት። በ19ኛው መቶ ዘመን ፊኒያስ ክዊምቢ የሚባል ሰዓት ሠሪ፣ በሽታ የሚመጣው ከተሳሳተ እምነት ነው፣ እምነቱ ሲታረም በሽታው ይለቃል ብሎ ሰው ማከም ጀመረ። ሐሳቡ ከእሱ በኋላ ብዙ ስም እየለዋወጠ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1952 የኒው ዮርኩ ፓስተር ኖርማን ቪንሰንት ፒል ስለ አዎንታዊ አስተሳሰብ ኃይል የጻፈው መጽሐፍ ሚሊዮኖች እጅ ገባ። በ2006 አውስትራሊያዊቷ ሮንዳ በርን ይህንኑ በፊልምና በመጽሐፍ «ምሥጢር» ብላ አወጣችው፦ የምታስበውን ወደ ራስህ ትስበዋለህ፤ ሀብትንም፣ ፍቅርንም፣ በሽታንም። አንዳንድ የእኛ መድረኮች ላይ «አውጅ፣ ይሆንልሃል» የሚለው የብልጽግና ወንጌል ስብከትም በዜማው የዚሁ ዘመድ ነው። በሥልጠና አዳራሽ የሰማነውን በእሑድ ፕሮግራም ላይ ደግመን የምንሰማው በአጋጣሚ አይመስለኝም።

ይህ ሐሳብ ተፈትኗል። ጀርመናዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጋብሪኤሌ ኦቲንገን ሥራዋን ስትጀምር የአዎንታዊ ሐሳብን ጥቅም አሳያለሁ ብላ ይመስለኛል፤ ያገኘችው ተቃራኒውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመችው ጥናት፣ ክብደት ለመቀነስ ፕሮግራም የገቡ 25 ሴቶች መጨረሻቸውን እንዴት እንደሚያልሙት ጠየቀች። ቀጥነው፣ አምሮባቸው፣ ምግብ ሲቀርብ ዘወር ብለው ሲያልፉ በደማቁ ያለሙት፣ ከዓመት በኋላ የቀነሱት ክብደት ብዙ ካላለሙት በ11 ኪሎ ገደማ ያንስ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ በሚመረቁ የጀርመን ወጣቶች ላይም ደገመችው፤ ጥሩ ሥራ ሲይዙ አዘውትረው ያለሙት ከሁለት ዓመት በኋላ ያገኙት የሥራ ጥሪ ያነሰ፣ ደመወዛቸውም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱን ስትፈልግ ቆይታ፣ በ2011 ከባልደረባዋ ጋር ባወጣችው ሥራ ነገሩ ግልጽ እየሆነ መጣ። መልካም ሕልም ሰውነትን ያረግባል። ሰውየው በሐሳቡ ደርሶ ስለመጣ፣ የደም ግፊቱ ሳይቀር ወርዶ፣ ለመነሣት የሚሆን ጉልበት ያጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለበት፤ እሷም በጥንቃቄ ለይታዋለች። ከዚህ በፊት ሠርቼ ተሳክቶልኛል፣ አሁንም ይሳካልኛል ብሎ መጠበቅ ይረዳል። ያ ተስፋ ከልምድ የመጣ ነው። የሚጎዳው ልምድም ምክንያትም የሌለው፣ ዓይን ጨፍኖ የሚታይ ፊልም ነው። አሠልጣኙ «ዓይናችሁን ጨፍኑ፤ የምትፈልጉት መኪና ውስጥ እንደተቀመጣችሁ አድርጋችሁ ሳሉ» የሚለው ያንን ፊልም ነው።

ለራስ ጥሩ ቃል መደጋገምስ? በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲዋ ጆአን ዉድና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2009 ይህን ሞከሩት። ተሳታፊዎቹ «እኔ የምወደድ ሰው ነኝ» የሚለውን ለራሳቸው እንዲደጋግሙ ተደረገ። ለራሳቸው ጥሩ ግምት ያላቸው ጥቂት ተሻላቸው። ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ያላቸው፣ ማለትም ምክሩ የታሰበላቸው ሰዎች፣ ባሰባቸው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ትልቅ ትምህርት አይጠይቅም፤ ሰው አፉ የሚለውን ልቡ ሲክደው ይሰማዋል።

ነገሩ ጭካኔ የሚሆነው ሕመም ዘንድ ሲደርስ ነው። ሐሳብ በሽታን የሚስብ ከሆነ፣ የታመመ ሰው በራሱ ላይ አመጣው ማለት ነው። ባርባራ ኤረንራይክ፣ ራሷ በሥነ ሕይወት ዶክትሬት ያላት ጸሐፊ፣ የጡት ካንሰር ሲይዛት ከየአቅጣጫው «ፈገግ በዪ፣ ተዋጊ ሁኚ፣ ካንሰሩን እንደ ስጦታ ቁጠሪው» ተባለች፤ ተናደደች፤ ንዴቷ እ.ኤ.አ. በ2009 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። ንዴቷ ማስረጃ ነበረው። መጽሐፉ ከመውጣቱ ሁለት ዓመት በፊት የታተመ፣ 1,093 የራስና የአንገት ካንሰር ሕሙማንን የተከታተለ ጥናት፣ የሕሙማኑ ስሜት ጥሩ መሆን አለመሆኑ ዕድሜያቸውን እንዳላስረዘመም እንዳላሳጠረም አሳይቷል። በሆስፒታል አልጋ ላይ ላለ ሰው «ሐሳብህን አስተካክል» የሚል ጠያቂ ቢያንስ ይህን ይወቅ። ብርቱካን ይዞ ሄዶ ዝም ብሎ ቢቀመጥ ይሻላል።

«ታዲያ ሐሳብ ምንም አይደለም ልትል ነው? የሥነ ልቦና ሕክምና ራሱ የተሠራው በሐሳብ ላይ አይደለም ወይ?» ይህ ከሚነሡት ሁሉ የተሻለው ጥያቄ ነው። እውነት ነው፤ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ አሮን ቤክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በፔንሲልቫኒያ የጀመረው ሕክምና ሐሳብ ላይ ይሠራል፤ ብዙ ሰውም አድኗል። ግን እንዴት እንደሚሠራ እንየው። አንዲት ሴት መጥታ «ሁሉም ይንቀኛል» ብትለው ሐኪሙ «ሁሉም ይወድሻል ብለሽ አስቢ» አይላትም። ማን? መቼ? ምን ብሎ? ይላታል። የተነገራትን፣ የታየውን፣ የተደረገውን አንድ በአንድ ያስመረምራታል። ከተናቀች፣ መናቋ በምርመራው ይወጣል፤ ያኔ ጥያቄው ምን እናድርግ የሚል ይሆናል። ይህ እንደ ዳኛ ማሰብ ነው። ዳኛ ፍርዱን አስቀድሞ አይጽፍም፤ የአዎንታዊ አስተሳሰብ መምህር ግን ፍርዱን ጽፎ ነው ችሎት የሚገባው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ሊያነጋግረን የሚገባው ጥናት የተሠራው ጎረቤታችን ኬንያ ነው። ተመራማሪዎች በገጠር የሚኖሩ 5,756 ሰዎችን በዕጣ ከፋፈሉ። አንዱ ወገን የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውን አምስት ሳምንት የሚፈጅ የምክር አገልግሎት አገኘ፤ በዚያ ውስጥ ትንፋሽን እያዘገሙ መረጋጋትን መለማመድ አንዱ ክፍል ነው። ሌላው ወገን 1,076 ዶላር ያህል ገንዘብ ተሰጠው፤ ያለ ምክር፣ ያለ ቅድመ ሁኔታ። ምንም ያልተሰጣቸውም ነበሩ። ከአንድ ዓመት በኋላ ሲጠየቁ፣ ገንዘብ የተሰጣቸው የተሻለ ይበላሉ፣ ብዙ ንብረት አላቸው፣ መንፈሳቸውም ከሌሎቹ የተሻለ ነው። ምክሩን ያገኙት ግን በኑሮም ሆነ በመንፈስ ምንም ካላገኙት የሚለያቸው ነገር አልታየም። ይኸው ምክር በሌላ ቦታ፣ በጭንቀት ለተያዙ ሰዎች ሲሰጥ ጠቅሟል፤ ከንቱ ነው አላልኩም። ግን የደሃ ሰው ሐዘን ከየት እንደሚመጣ ኬንያ ላይ በግልጽ ታይቷል። «ገንዘብ ደስታ አይገዛም» የሚለውን አባባል አብዛኛውን ጊዜ የምሰማው ከሚከፍል ሰው አፍ ነው፤ ከሚከፈለው ሰምቼ አላውቅም።

በአገራችንም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ሁለት የምጣኔ ሀብት ምሁራን፣ ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን፣ በአምስት የኢትዮጵያ ድርጅቶች ሥራ ያመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎችን፣ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች፣ በዕጣ መድበው ተከታተሉ። ዕጣው ለፋብሪካ ሥራ ከወጣላቸው መካከል ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆኑት ዓመት ሳይሞላቸው ለቀዋል። ከዓመት በኋላ ከባድ የጤና ችግር የመኖሩ ዕድል ሥራውን ባላገኙት ላይ ካለው በእጥፍ ገደማ ጨምሮ ተገኘ። እነዚህን ልጆች የጎደላቸው ጽናት ነው፣ አስተሳሰባቸው ነው የሚል ድምፅ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ በየስብሰባው እንሰማዋለን። ልጆቹ ግን አስበዋል። ደመወዙን፣ አቧራውን፣ ሰዓቱን፣ መንገዱን አስበው፣ አይበጀኝም ብለው ሄዱ። ከዚህ የቀና አስተሳሰብ ምን አለ?

ቡታን ደግሞ አለች፤ አሠልጣኞች የሚወዷት አገር። አራተኛው ንጉሧ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የሕዝብ ደስታ ከምርት ዕድገት ይበልጣል አሉ፤ በ2008 የወጣው ሕገ መንግሥትም ይህንን አካተተ። የቡድሃ እምነት አገር ናት፤ ገዳማቷ ብዙ ናቸው። በ2019 በወጣው የዓለም የደስታ ሪፖርት ላይ ግን 95ኛ ነበረች። ደስታን በራሷ ሌላ መለኪያ እንደምትለካው አውቃለሁ፤ ሪፖርቱ የሚጠይቀው ሰዎች ሕይወታቸውን ከ0 እስከ 10 ስንት እንደሚሰጡት ነው። ግን ወጣቶቿ በገፍ ወደ አውስትራሊያ መሄዳቸው የማንም መለኪያ አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ አንደኝነቱን ያልለቀቀችው ፊንላንድ ናት። ፊንላንዳውያን በፈገግታ አይታወቁም። ሪፖርቱ ልዩነቱን ለማስረዳት ከሚጠቀምባቸው ነገሮች አንዱ ግን እኛንም ይመለከታል፦ ችግር ቢገጥምህ የሚደርስልህ ሰው አለህ?

ይህን ጥያቄ እድር ሲመልስ ነው የኖረው። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፤ ንፍሮ ይቀቀላል፤ ጎረቤት ተራ ገብቶ ያድራል። ለቀስተኛው ገብቶ «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ይቀመጣል፤ ብዙ ጊዜ ሌላ ቃል አይወጣውም። ሐዘንተኛዋ ታልቅስ ተብላ ትተዋለች፤ እንዲያውም ካላለቀሰች ነው ሰው የሚሰጋው። እዚያ ድንኳን ውስጥ አንድ ሰው ተነሥቶ «ፖዘቲቭ እናስብ» ቢል ምን እንደሚደርስበት ሁላችንም እናውቃለን። የሚያሳዝነው ግን የዚያው ድንኳን ልጆች፣ ከተማ ገብተው ብቻቸውን ሲቀሩ፣ ሐዘናቸውን በስልክ አፕ ሊያስወግዱት መሞከራቸው ነው። ያጡት ሰው ነው፤ የተሸጠላቸው ትንፋሽ።

መከፋት ሥራ አለው የምለው ስለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ተመራማሪው አንድሪው ሃፈንብራክና ባልደረቦቹ ባወጡት፣ ከ1,400 በላይ ሰዎች በተሳተፉባቸው ስምንት ሙከራዎች፣ ሰዎች የበደሉትን ሰው እንዲያስታውሱ ከተደረገ በኋላ ትንፋሻቸውን እንዲያዳምጡ ተደረገ። ተረጋጉ። ጸጸታቸው ቀነሰ። ከጸጸታቸው ጋር የበደሉትን ለመካስ ያላቸው ፈቃድም ቀነሰ። ለሌላው ሰው በጎውን በመመኘት ላይ ያተኮረው የሜዲቴሽን ዓይነት እንዲህ አላደረገም፤ ስለዚህ ሁሉንም አንድ ላይ መኮነን አይገባም። ግን በብዛት የሚሸጠው የትኛው እንደሆነ ግልጽ ነው። በገጠራችን በዳይ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ፣ ሽማግሌ አስቀድሞ፣ የተበዳይ ደጅ ላይ ይወድቅ ነበር። ድንጋዩ እንዲከብደው ነው። መንገድ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ሦስት ጊዜ በጥልቀት ተንፍሶ፣ ቀሎት ቢነሣ፣ ለእሱ ጥሩ ማለዳ ይሆንለታል። ተበዳዩ ግን ደጁ ላይ የሚመጣለት ሰው የለም።

ፍርሃትም እንደዚሁ፣ ንዴትም እንደዚሁ። ኪራይ የተጨመረበት ሰው ቢጨነቅ ጭንቀቱ ትክክለኛ መረጃ ይዟል። ደመወዟ የተቆረጠባት ሴት ብትናደድ ንዴቷ ወደ ሠራተኛ ማኅበር ሊወስዳት ይችላል፤ ያለ እሱ ማንም አይወስዳትም። እነዚህን ስሜቶች በየማለዳው ጠርጎ ማውጣት፣ ለሚጠርገው ሰው የአንድ ቀን እፎይታ ነው፤ ስሜቱን ላመጣው ሰው ግን የዓመታት እፎይታ ነው። «ደስታ በውስጥህ ነው» የሚለው ትምህርት በድርጅቶችና በመሥሪያ ቤቶች ይህን ያህል የተወደደው ለምን እንደሆነ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አልፈልግለትም።

ሕመም ያለበት፣ ሐሳብ እየተመላለሰ ያስጨነቀው፣ ወይም በእምነቱ ምክንያት በዝምታ መቀመጥ የሚፈልግ ሰው ይቀመጥ። ጥቂት ሊቀልለው ይችላል፤ በጥናትም የታየ ነው። ጥያቄዬ ለሚጋብዙት ነው። ሠራተኞቹ ስለተጨነቁ አሠልጣኝ ልጠራ የሚል ሥራ አስኪያጅ፣ የአዳራሹን ኪራይና የአሠልጣኙን ክፍያ ከመፈረሙ በፊት፣ የሚጨንቃችሁ ምንድን ነው ብሎ በወረቀት ያስጽፋቸው፤ ስማቸውን ሳይጽፉ። ወረቀቱ ላይ የትራንስፖርት፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የልጅ ማቆያ፣ የቅርብ አለቃ ስም የሚነበብ ከሆነ፣ ለሥልጠናው የተያዘው በጀት የት መሄድ እንዳለበት ያውቃል። ወረቀቱን አንብቦ አሠልጣኙን የጠራ ግን ሠራተኞቹ ደስ እንዲላቸው ሳይሆን ዝም እንዲሉ ነው የከፈለው።